ከአንቱታ ወዲያ

የመንገዶች መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር ከቦታቸው መነሣታቸው የተሰማው ሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። ወሬው ከላይኛው ፎቅ ተነሥቶ በደረጃው እየወረደ፣ በየቢሮው ጎራ እያለ ምድር ቤት ያለው የንድፍ ክፍል ሲደርስ ዘንጉ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የአንድ ድልድይ ንድፍ ያርም ነበር። ዘንጉ የቤት ስሙ አይደለም። ቁመቱ መለሎ፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ በጎልማሳነቱም የቀያሽ ዘንግ ተሸክሞ አገር ለአገር የዞረ ስለሆነ ያወጡለት ቅጽል ነው። አሁን ጸጉሩ ሸብቷል፤ ቅጽሉ ግን ጋሼ ተጨመረበት እንጂ አልተለወጠም።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል።

«ሰማህ ጋሼ ዘንጉ? ተነሡልህ እኮ!»

«እነማን?»

«እነማን ይላል እንዴ! ትልቁ ሰውዬ ናቸዋ። ተገላገልን!»

ይህ ሰው የሚደሰትበት ምክንያት ነበረው። ዳይሬክተሩ የመሥሪያ ቤቱ መኪና እሑድ እሑድ የማንንም ሚስት ገበያ እንዳያመላልስ ከከለከሉ ወዲህ ዓይናቸውን ማየት አይወድም ነበር። ፎቅ ላይ ደግሞ ጸሐፊያቸው ዓይኗ ቀልቶ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች ስልክ ትመልሳለች። ልጆቻቸውን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በተከፈተው የሕፃናት ክፍል የሚያውሉ እናቶች «እሳቸው ከሄዱ ይሄ ክፍል ይዘጋብናል» ብለው ተጨንቀዋል። እድገት የቀረበት መሐንዲስ «የሥራቸውን ነው ያገኙት» አለ። ምክትላቸው ከምሳ መልስ አዲስ ከረባት አስሮ መጣ። ሐሜቱ ሲበዛ አሮጌው ሒሳብ ሹም ብቻ «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ትናንት ጥላው ሥር የተቀመጥነው እኛው አይደለንም እንዴ?» ብሎ ተቆጣ።

ዘንጉን «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲሉት «ሥራ ይዣለሁ» ብሎ አቀረቀረ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎታል። ደስታው ግን ከንብረት ክፍሉ ደስታ ጋር ዘመድም አልነበረም።

ዘንጉና ዳይሬክተሩ በአንድ ሰሞን የተቀጠሩ ቀያሾች ነበሩ። አንዱ ዘንጉን ያቆማል፣ ሌላው በመሣሪያው ያያል፤ ስለዚህ ያኛውን «መነጽር» ይሉት ነበር። በአንድ ድንኳን አድረዋል፤ ብርድ ሲመጣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጓትተዋል። መነጽር ሲያንኮራፋ ዘንጉ በካልሲ ይመታዋል፤ ዘንጉ ውኃ መቅዳት ሲሰንፍ መነጽር ጫማውን ይደብቅበታል። ዘንጉ ሲያገባ ሚዜው መነጽር ነበር። ሚስቱ እስከዛሬ «ሚዜያችን» ነው የምትለው።

ከዚያ መነጽር ተምሮ፣ ተሹሞ፣ ወደ ላይ ወጣ። በተሾመ ሰሞን ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች ባሉበት ስብሰባ ላይ ዘንጉ ሳያስበው «አንተ ምን ትላለህ?» አለው። ምክትሉ ሳል ያዘው። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን እያገላበጠ «እርስዎ እንዳሉት ጥናቱ ይቀጥል» ብሎ መለሰ። ክፋት አልነበረውም፤ ደንግጦ ነው። አንቱታው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካከላቸው እንደ አጥር ተተከለ። መነጽር ወዳጁን ጠቀመ እንዳይባል ከዘንጉ ቤት እግሩን አነሣ። የንድፍ ክፍሉን ኃላፊነትም ለሌላ ሰው ሰጠው። የዘንጉ እናት ያረፉ ጊዜ በመኪና መጥቶ፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠውት፣ ትንሽ ቆይቶ ሄደ። የዘንጉ ሚስት ብቻ በሰው ፊት «አንተ፣ ጠፋህ እኮ!» ብትለው አንገቱን ደፋ።

እና ዘንጉ የተደሰተው ለዚህ ነው። ዳይሬክተሩ ሲሄድ መነጽር የሚመለስ መሰለው።

ስንብቱ በአዳራሹ ሆነ። ለስላሳና ብስኩት ቀረበ። ከሁሉ ረጅሙን የሙገሳ ንግግር ያደረገው የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ ሁሉ ተቆራርጧል። ዳይሬክተሩ «ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ» ብለው በአጭሩ ተቀመጡ። ከዚያ ሠራተኛው ተሰልፎ ጨበጣቸው። ዘንጉ ተራው ሲደርስ ልቡ እንደ ጎረምሳ ልብ ይመታ ነበር።

«መልካም ጊዜ ይሁንልዎ» ወጣው ከአፉ።

«አመሰግናለሁ፣ በርቱ» አሉት።

ይኸው ነው። ምክትሉ ከኋላ ገፋ ሲያደርገው አለፈ።

ቤቱ ገብቶ ኩርፍ ብሎ ሲቀመጥ ሚስቱ ጉዳዩን አውጣጣችው። መነጽር የሚኖርበት ቤት የመንግሥት ስለሆነ መልቀቁ እንደማይቀር፣ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ስለሆነም ሌላ ከተማ ወዳለችው ልጁ ዘንድ ጠቅልሎ ሊሄድ መሆኑን ነገራት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና እየው።»

«እሱ ይጥራኝ እንጂ።»

«እሱም ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደዚሁ እያለ ይሆናል። ሁለት ሽማግሌ ተኳርፋችሁ ልትቀሩ ነው? ተነሥ!»

ቅዳሜ ጠዋት ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። መነጽር ክርኑ የተበሳ ሹራብ ለብሶ፣ በካርቶን መካከል ቆሟል። ሲያየው ግራ ገባው።

«ይግቡ… ግባ… ኧረ ግባ!»

«ልርዳዎት ብዬ ነው» አለ ዘንጉ፣ የሚናገረው ቢያጣ።

ቁም ሣጥኑ አልፈታ ብሎ አስቸግሮት ነበር። ዘንጉ ካቻቢቴውን ተቀበለው። አንዱ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ብሎኑን ይፈታል። ለጥቂት ጊዜ «ትንሽ ወደ ግራ ያድርጉት»፣ «እሺ፣ ይጠንቀቁ» እየተባባሉ እንደ ሁለት እንግዳ ሠሩ። መነጽር ድንገት እጁን አወረደና «ዘንጉ፣ እስቲ እንደ ድሮው አንተ በለኝ» አለ። ዘንጉ አፉን ከፈተ። ቃሉ አልመጣለትም። ስንት ዘመን ሲመኘው የኖረው ነገር ምላሱ ላይ ደርሶ እንደ አጥንት ተቀረቀረ። አፍሮ ወደ ብሎኑ ዞረ።

የላይኛው ብሎን ሲወጣ የቁም ሣጥኑ በር ተገንጥሎ ዘንበል አለ።

«ተው! ጣትህን አንሣ፣ መነጽር!»

በሩ ወለሉ ላይ በአፍጢሙ ወደቀ። ሁለቱም ደርቀው ተያዩ። ከዚያ መነጽር መሣቅ ጀመረ፤ ሣቁ ሳል እስኪሆን ሣቀ። ዘንጉም ካርቶን ላይ ተቀምጦ ዓይኑን አበሰ።

«የክፍሉ ኃላፊነት ላንተ ነበር የሚገባው» አለ መነጽር ቆይቶ።

«አውቃለሁ። ጓደኛውን ሾመ እንዳይሉህ ነው።»

«አልተቀየምክም?»

«በሹመቱስ አልተቀየምኩም። ቤቴ መምጣት የተውከው ነው የከነከነኝ። የልጆቼ እናት በዓመት በዓል ቀን ለሚዜያችን እያለች አንድ ወንበር ታስቀምጥ ነበር። ኋላ ተወችው።»

መነጽር የበሩን ማጠፊያ አንሥቶ በእጁ ሲያገላብጠው ቆየ። «እኔም ያን ፎቅ ላይ ምሳዬን ብቻዬን ነው የበላሁት» አለ በመጨረሻ።

ዕቃው ተጠቃልሎ እስኪያልቅ ዘንጉ አልተለየውም። ከሰዓት በኋላ ሚስቱም ምግብ ይዛ መጣችና «ሚዜያችን፣ ከስተሃል» ብላ ገሠጸችው። በማግስቱ የጭነት መኪናው መጣ። መነጽር ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ በመስኮቱ እጁን አወጣ፤ ዘንጉም መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ጎን ለጎን ተራመደ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

አዲሱ ዳይሬክተር የሕፃናቱን ክፍል የስብሰባ አዳራሽ አደረጉት። መኪኖቹም እሑድ እሑድ ገበያ መውጣት ጀመሩ። ወራት ሲያልፉ ሠራተኛው በየኮሪደሩ «እሳቸው በነበሩ ጊዜ እኮ» ማለት አመጣ፤ እድገት የቀረበት መሐንዲስ ሳይቀር። ዘንጉ ይሰማል፣ አይጨምርበትም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እነሱ የሚናፍቁት ዳይሬክተሩን ነው፤ በካልሲ ተመትቶ የሚነቃውን ሰው አንዳቸውም አያውቁትም።

መነጽር እሑድ እሑድ ይደውላል። ሰፈሩን አልለመደውም፤ ልጁና ባሏ ሥራ ይውላሉ፣ የልጅ ልጁም ትምህርት ቤት። ዘንጉ ስለ ጤናው ሲጠይቀው ቶሎ ያልፈውና ስለ መሥሪያ ቤቱ ያነሣል። ድልድዩ ተጀመረ? ጸሐፊዋስ? ሒሳብ ሹሙ ጡረታ ወጡ? ድሮ ይንቀው የነበረውን ወሬ ሁሉ መስማት ይፈልጋል።

ባለፈው እሑድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሜን የሚያነሣ አለ?» አለው።

«ሞልቷል! ናፍቀኸናል ነው የሚሉት።»

«ንብረት ክፍሉም?»

ዘንጉ ሰውየው ወሬው የተሰማ ዕለት እንዴት ሲፈነጥዝ እንደዋለ ትዝ አለው። «እሱማ ካንተ ወዲያ ምግብም አልበላ ብሎት ከስቷል» አለ። ነጭ ውሸት ነበር፤ ሰውየው እንዲያውም ቦርጭ አውጥቷል። መነጽር ውሸቱ ገብቶት ከት ብሎ ሣቀ፣ ዘንጉም ሣቀ። ሣቃቸው ሲበርድ ሁለቱም የሌላውን ትንፋሽ እየሰሙ፣ ማናቸውም ልዝጋው ሳይሉ ቆዩ።

«ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ» አለ ዘንጉ።

«አምና እኮ ይሄንኑ ብለኸኛል።»

«ዘንድሮ ሚስቴ ይዛኝ ነው የምትመጣው።»

«እንግዲያው ትመጣለህ» አለ መነጽር።