የተለጠፉት ገጾች

ልብስ ሰፊዋ ሱሪ ወይም ቀሚስ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ ልኩን እየወሰደች ምን እንዳስከፋው ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ ለልቡ የሚሆነውን መጽሐፍ ትመርጥለታለች። ምርጫዋ ምንጊዜም የጥንት ክርስቲያኖችን ዘመን የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። "ታሪክ መጽሐፍ ማን እንደሞተ ይነግርሃል" ትላለች፣ ከንፈሯ መካከል መርፌ ይዛ። "ይሄ ደግሞ ከመሞቱ በፊት እንዴት እንደፈራ።"

ታናሽ ወንድሟ ሰዓት ሠሪ ነው። በወጣትነቱ ለእምነቱ ታስሮ፣ ግርፋቱ ሲበዛበት "ሃይማኖቴን ትቻለሁ" ብሎ ፈርሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም። ማንም አልከለከለውም፤ ከልካዩም ተከልካዩም እሱው ነበር። እሷም ስትፈልግ ኖራ፣ በስደት ዘመን ክዶ ኋላ በእንባ ስለተመለሰ ዲያቆን የሚተርክ ልብ ወለድ አገኘች። ሌላውም ይጠቀምበት ብላ ለቤተ ክርስቲያኑ የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ሰጠችው። ወንድሟ በመጨረሻ "እስኪ አምጪው" ያላት ቀን ከዚያው ተውሳ ወሰደችለት።

አንብቦ መለሰላት።

"ጥሩ ነው" አለ ከሰዓቱ ቀና ሳይል። "ዲያቆኑ ይያዛል፤ ገጹን ስትገልጪ ከወንድሞቹ ጋር ማዕድ ቀርቧል። ሳይበገር ወጥቷል ማለት ነው፤ ጀግና ነው። የጀግና ወሬ ግን በቃኝ፣ እትዬ።"

"የምን ጀግና? ካደ እኮ።"

"የቱ ጋ?"

መጽሐፉን አንስታ ገለጠች። ጨርቅ የለመደ ጣቷ አንዱ ወረቀት መወፈሩን ነገራት። ዲያቆኑ የካደበት ምዕራፍ በሙሉ ዙሪያውን በሙጫ ተለጥፏል።

ደሟ ፈላ። መጽሐፉን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ቁም ሣጥኑን ወደሚጠብቁት ሽማግሌ ቤት ገሰገሰች።

"እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው ቅንጣት ሳያፍሩ። "ዲያቆን ሲክድ ያነበበ ደካማ ሰው ቢሰናከልስ፣ እህቴ?"

"የወደቀውስ ምን ያንብብ?"

"ስላልወደቁት ያንብብ። ይማርባቸዋል።"

"ያልወደቁትንማ ዕድሜውን ሙሉ እያየ ነው። እርስዎን።"

የጨዋ ሰው ጭካኔ እንዲህ ነው፤ የሙጫ ብሩሽ ይዞ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ "ለእናንተው ብዬ ነው" ይላል። እሷ ግን ይህን ለመፈላሰፍ ጊዜ አልነበራትም። ሱቋ ገብታ ካውያዋን ሰካች። እርጥብ ጨርቅ አልብሳ፣ በእንፋሎቱ ሙጫውን እያላቀቀች፣ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ እርግማን እያወጣች ፈለቀቀቻቸው። ጠርዙ ተቀደደ፤ ፊደሉ ተረፈ።

"ከዚህ ጀምር" አለችው ወንድሟን፣ ወደ ሰዓት መሥሪያው ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። "እዚሁ ቆሜያለሁ።"

አንድ ደንበኛ ብቅ አለ። "ሰዓቴ ደረሰ?"

"አልደረሰም፤ ቁጭ በል" አለች እሷ።

ወንድሟ አነበበ። ዲያቆኑ በፈረመበት ቦታ ማጉያ መነጽሩን አወለቀ። ዲያቆኑ ለመግባት አፍሮ ደጅ ላይ ሲቆም፣ አንዲት አሮጊት ወጥታ እጁን ይዛ ወደ ማዕዱ የምትጎትትበት ላይ ሲደርስ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ጣቱን በደረቀው ሙጫ ላይ አስኬደ። እንባ ስትጠብቅ ጆሮው ሲቀላ አየች። ያን ሁሉ ዓመት አንገቱን ደፍቶ ነው የምታውቀው፤ ሲናደድ አይታው አታውቅም።

"ማን ነው የለጠፈው?"

ነገረችው።

"ለኔ ዓይነቱ ሰው የተጻፈውን?"

"ላንተ ዓይነቱ።"

መጽሐፉን ዘግቶ ወደ መሳቢያው አስገባ።

"እሑድ ጠብቂኝ" አለ። "እኒያ ሽማግሌ የሚቀመጡበትን ታሳይኛለሽ። ከጎናቸው ነው የምቀመጠው።"