በጉርጥ ያሸነፍሁት ተራ

ጨዋታው አንድ ለአንድ ነው። እኔ አንድ አውሬ አሰልፋለሁ፣ አንተም አንድ ታሰልፋለህ፤ የአንዱ ነፍስ እስኪያልቅ ይፋለማሉ። ስልክ ላይ የሚጫወቱት የልጅ ነገር ነው ብሎ የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ። እኔ በዚያ ጨዋታ የሠራሁት ግን የልጅ ሥራ አልነበረም።

ደባርቅ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነኝ። የሆቴል አይደለሁም፤ የሰሜን ተራሮችን በእግራቸው ለሚያዩ እንግዶች ድንኳን ውስጥ የማበስል ነኝ። ሥራው በተራ ነው። የማህበራችን አብሳዮች ስማችን በአንድ ደብተር ተደርድሮ ተጽፏል፤ እንግዳ ሲመጣ ከላይ ያለው ይሄዳል፣ ሲመለስ ከታች ይጻፋል። ጋይዱም፣ ጠመንጃ ይዞ የሚያጅበው ስካውትም፣ በቅሎ ጫኙም እንዲሁ ነው። ደብተሩን የምትይዘው ሴት ቆፍጣና ናት፤ ወንድሟ ቢሆን እንኳ ያለ ተራው አታሳልፈውም። አንድ ነገር ብቻ ትፈቅዳለች፦ ሁለት ሰዎች ፊቷ ቀርበው «ተለዋውጠናል» ካሉ ስማቸውን ታለዋውጣለች። ለምን ብላም አትጠይቅም።

መንገዱ የማያስተማምን ሆኖ እንግዳ በጠፋ ጊዜ ቢሮው በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጎልተን እንውል ነበር። ኢንተርኔትም ተዘግቷል። ጨዋታውን አንድ ጋይድ ከጎንደር ይዞት መጣና ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ሁላችንም ዘንድ ደረሰ። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አንዱ ሆትስፖት ከከፈተ ይበቃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካርታ ጨዋታ የሚባል ነገር ተረሳ።

ጓደኛዬ፣ እሱም እንደኔ አብሳይ ነው፣ ጭልፊት መረጠ። ሰውየውን የሚያውቅ ሌላ አይጠብቅበትም፤ ሽንኩርት ሲከትፍ እንኳ ከኋላው የሚያባርረው ያለ ይመስላል። ጭልፊቱ ከአውሬዎቹ ሁሉ ይፈጥናል፣ ሁልጊዜ ቀድሞ ይመታል፣ ሲመታም ያማል። ሥጋው ግን ስስ ነው።

እኔ ጉርጥ መረጥሁ። ሳቁብኝ። ጀርባው በኪንታሮት የተሞላ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ የሚንፏቀቅ ፍጥረት ነው፤ ከእኔ በቀር የመረጠው አልነበረም። ጨዋታው ለአውሬህ የሚሰጥህን ነጥብ ሌላው ሰው ሁሉ ጉልበቱ ላይ ያፈስሳል። እኔ ጉልበቱ ላይ አንዲት ነጥብ አላኖርሁም፤ ግማሹን ለነፍሱ፣ ግማሹን ለቆዳው ሰጠሁት። አራት ችሎታ አለው፦ መርዝ ይተፋል፣ በጋሻ ይከለላል፣ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ያገግማል፣ አራተኛዋ አንዲት የማትረባ ጥፊ ናት። አካሄዴም ቀላል ነበር። በመጀመሪያው ዙር ዱላውን እቀበላለሁ፣ መርዙን እተፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ አለመሞት ነው። መርዙ በየዙሩ ንክሻው እየከፋ ይሄዳል፤ ያኛው ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ጋሻዬ ላይ ይመታል። ችግሩ ጋሻው ሁለት ጊዜ በተከታታይ አይሠራም። ስለዚህ ትልቁ ዱላ በየትኛው ዙር እንደሚመጣ ማወቅ አለብህ፤ ያን ለማወቅ ደግሞ ፊት ለፊትህ የተቀመጠውን ሰው ማየት አለብህ። ጓደኛዬ ትልቁን ሊሰነዝር ሲል ቆቡን ወደ ኋላ ይገፋል። ገና እጁ ወደ ቆቡ ሲሄድ እኔ ጋሻዬን አነሣለሁ።

«መጠበቅ አይችልም» እላለሁ ለሰዉ፣ እሱ እየሰማ። «ጭልፊቱ ምንም አልጎደለው፤ እሱ ነው መጠበቅ የማይችለው።» እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ከዚያ በተራችን መጫወት ጀመርን። የማይመጣ እንግዳ ተራ ምን ይሠራል? የተሸነፈ ቦታውን ይለቅቃል፤ ወደ ደብተር ያዧ ሄደን «ተለዋውጠናል» እንላለን። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን ስታነሣ ጥርሷን ነክሳ ሳቋን ትይዛለች። አንድ ቀን ጓደኛዬ ከሁሉም በላይ ተጽፎ ነበር፣ እኔ ከሁሉም በታች። በጉርጤ አሸነፍሁትና ከላይ ወጣሁ፣ እሱ ከታች ሆነ። ተሳስቀን ሻይ ጠጣን።

ከስምንት ቀን በኋላ እንግዳ መጣ። አራት ሰዎች ናቸው፤ ጨነቅ በሚባለው ሰፈር አልፈው፣ አምቢኮ መንደር አድረው፣ ራስ ዳሸን ሊወጡ ነው። ወሬው በተሰማ በሰዓቱ ጓደኛዬ እየሮጠ መጣ።

«ይህችን ብቻ መልስልኝ» አለኝ። «ከዚህ በኋላ የሚደርሰኝን ሦስት ተራ ውሰድ። ጽፌ ልስጥህ።»

ምክንያቱን ነገረኝ። እናቱ አምቢኮ ናቸው። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሁለተኛው እየደከመ ነው። ብቻውን የሚሄድበት ጊዜ አልነበረም፤ ከእንግዳና ከስካውት ጋር ካልሆነ ከደባርቅ ሰው መንገዱን የሚደፍረው የለም። ከላይ ተጽፎ በነበረ ጊዜ፣ ከሚመጣው እንግዳ ጋር እመጣለሁ ብሎ በገበያተኛ ልኮባቸዋል።

እዚህ ላይ ምን ማለት እንደነበረብኝ ማንም ያውቀዋል። የእኔ እናት ዳባት ናት፤ ስትናፍቀኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ አይቻት፣ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ። ሥራ ፈትቼ ነበር ብል እሱም ፈትቶ ነበር። እውነቱን ልናገር፦ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር፤ ጉርጤም ተሸንፎ አያውቅም። በልመና ከምሰጠው በጨዋታ ባሸንፈው የበለጠ የሚጥመኝ መሰለኝ። አፌ ቀደመኝ።

«ተጫወትና ውሰደዋ!» አልሁት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና ስልኩን አወጣ።

መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የስልኩ ባትሪ ወደ ማለቁ እንደሆነ ሲከፍተው አይቻለሁ። እኔ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ ፓወር ባንክ ነበረኝ፤ አንድ እንግዳ ሲመለስ ትቶልኝ የሄደ፣ ለማንም ያላሳየሁት። ሽቦውን በእጅጌዬ ውስጥ አሳልፌ ስልኬ ላይ ሰካሁት። ደግሞ አንድ ደንብ አለን፦ ስልኩ የጠፋበት ተሸነፈ። መሸነፋቸውን ሲያዩ ስልካቸውን የሚያጠፉ ስላስቸገሩን ራሳችን ያወጣነው ነው።

በመጀመሪያው ዙር መርዜን ተፋሁ። ምንም አልሆነም። ጭልፊቱ ማርከሻ ይዞ ነበር፤ ያን የያዘ አውሬ እስከ መጨረሻው መርዝ አያስጠጋም። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ፤ አልሳቀም። ከዚያም ያልጠበቅሁትን ጀመረ። ትልቁን ዱላ ትቶ በትንሹ ይቆነጥረኝ ጀመር። ጋሻዬን ባዶ ላይ አነሣለሁ፤ ጋሻው ሲወርድ ይቆነጥረኛል። ላገግም ስቀበር ክንፉን ያሳርፋል። ቆቡ ጉልበቱ ላይ ስለሆነ የማነበው ነገር የለኝም። ስምንቱን ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ ጉርጤን ሲያጠና ነው የከረመው። በንጹሕ ጨዋታ አሸንፎኝ ነበር፤ ስምንት ዙር ያህል ብቻ ነው የቀረው።

ጨዋታው በየዙሩ ለመምረጥ አንድ ደቂቃ ይሰጣል። እኛ ሁለት ሴኮንድ እንኳ አንጠቀምም ነበር። ደቂቃዋን ሙሉ መጠቀም ጀመርሁ። ሃምሳ ስምንት ላይ እስኪደርስ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ጋሻ እጫናለሁ። እንደገና ሃምሳ ስምንት። ይህን የሚከለክል ደንብ የለም።

«ምነው፣ እንቅልፍ ወሰደህ?» አለኝ።

«እያሰብሁ ነው።»

ባትሪው ቀይ ሆነ። የስክሪኑን ብርሃን ቀነሰ። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑን ትቶ እኔን ያይ ጀመር፤ ደጋግሞ ያየኛል፣ ፊቴን፣ እጄን። ሊያነበኝ ነው ብዬ ይበልጥ ተኮሳተርሁ። ደቂቃዋን መጠቀም ከጀመርሁ በስድስተኛው ዙር ይሁን በሰባተኛው ስልኩ ጠፋ። የእኔ ጉርጥ ነፍሱ አንዲት ክር ቀርታው «አሸነፍህ» የሚል ጽሑፍ መጣ። አግዳሚው ላይ ያሉት አጨበጨቡ። ጓደኛዬ ስልኩን ኪሱ ከተተና ተነሣ።

«እናቴን ሰላም በልልኝ» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን የመሸሃን ወንዝ ተሻግረን ወደ አምቢኮ ወጣን። አብሳይ ከበቅሎዎቹ ጋር እንግዶቹን ቀድሞ ይደርሳል። ከገብሱ ማሳ ዳር፣ መንገዱ ላይ፣ የታጠበ ነጠላ የለበሱ እናት ቆመው ነበር። በቅሎዎቹ ሲደርሱ ጭነቱን በእጃቸው እየነኩ አንዱን ካንዱ እያለፉ መጡ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ አንገቴን አቀፉና ይስሙኝ ጀመር።

«እሰይ! እሰይ! መጣህልኝ!»

በድንገት አቆሙ። ቀኝ ዓይናቸውን ፊቴ ላይ አስጠግተው፣ ትንፋሻቸው እስኪሰማኝ ድረስ አስጠግተው አዩኝ።

«አንተ የኔ አይደለህም» አሉ።

«የልጅዎ ጓደኛ ነኝ፣ እናቴ። ሰላም በልልኝ ብሎኛል።»

«እሱስ? ታመመብኝ?»

«ደኅና ነው። ተራ አልደረሰውም።»

«ከላይ የተጻፍሁ እኔ ነኝ ብሎ ልኮብኝ ነበር እኮ።»

«ተቀየረ።»

«ማን ቀየረው?»

የበቅሎዋን ገመድ ለመፍታት ጎንበስ አልሁ። «ደብተሩ ነው፣ እናቴ» አልሁ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። «አንተም የሰው ልጅ ነህ፣ ደክሞሃል። ድንኳንህን ትከልና ና።»

ሄድሁ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፣ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ቀርቧል፣ ጠላ ተቀድቷል። ሁሉም የተዘጋጀው ለሱ ነው። «ለሱ ያልሁትን አንተ ብላልኝ» አሉኝ፤ በላሁ።

«ይህችም ዓይኔ እየሄደች ነው» አሉ። «ጭጋግ ሞላባት። ጨርሳ ሳትጨልም ፊቱን አንዴ ባየው ብዬ ነበር። ጢም አብቅሏል ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

ስልኬ ላይ ፎቶው ነበረኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ያነሣሁት ነው። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ላይ ለጥፈው በጥቂት በጥቂቱ አዩት፤ መጀመሪያ ጆሮውን፣ ከዚያ ግንባሩን፣ ከዚያ ጢሙን። ጢሙ ላይ ብዙ ቆዩ።

«አባቱን መስሎ የለም!» አሉ። ከዚያ ስልኩን በፍጥነት መለሱልኝ። «ባትሪህን ጨረስሁብህ፣ ልጄ። እንዳይጠፋብህ። እዚህ መብራት የለም።»

«አይጠፋም፣ እናቴ። ይዩት» አልሁ። ፓወር ባንኩ ደረቴ ላይ ነበር፤ ግማሹን እንኳ አልጨረስሁትም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ፎቶው ላይ ተመልሰው ነበርና ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ስለ እሳቸው አዝኜ ነው እላለሁ ለራሴ። ፈርቼ ነው።

ለልጃቸው ብለው አስረው የሰጡኝን ቆሎ ደባርቅ ስመለስ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። እናቱ ደኅና እንደሆኑ፣ ፎቶውን እንዳሳየኋቸው ነገርሁት፤ መንገድ ላይ ቆመው እንደጠበቁት አልነገርሁትም። ጉርጡን ከዚያ ወዲያ አላሰለፍሁትም። ሰዎቹ ሲጠይቁኝ ሰለቸኝ እላለሁ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የጓደኛዬ ተራ በወጉ ደርሶት ወደ አምቢኮ ሄደ። ሲመለስ ቀጥ ብሎ እኔ ወዳለሁበት አግዳሚ መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ።

«ጨልሞባታል» አለኝ። «ፊቴን በእጇ ዳበሰችው። ጢሜ ላይ ስትደርስ ‹በስልክ ያየሁት ይኸው ነው› አለች። ባታሳያት ኖሮ ሳታየኝ ትቀር ነበር። አንተን መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች። እኔም አመሰግናለሁ።»

ምርቃቱን መሸከም አቃተኝ። ሁሉንም ዘረገፍሁት፦ እንዳሸነፈኝ፣ ደቂቃዋን ሆን ብዬ እንዳቃጠልሁ፣ እናቱ ማሳው ዳር ቆመው እኔን አቅፈው እንደሳሙ፣ በኪሴ የነበረውን ፓወር ባንክ።

አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። የእናቱን ነገር ስነግረው ብቻ ዓይኑን ጠረገ።

«ፓወር ባንኩንስ አውቃለሁ» አለ። «ሽቦው ከእጅጌህ ወጥቶ ነበር እኮ፤ አየሁት።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ሳትናገር?»

ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«አሁን ያወጣዋል፣ አሁን ያቀብለኛል ብዬ ስጠብቅህ ነበር» አለኝ። «ስልኬ እስኪጠፋ ጠበቅሁህ።»