ያለ ቀን የተወለዱ ሽማግሌ

በእዝባር ጻፉት በሰረዝ፣ በግዕዝ ቁጥርም ቢሆን፣ ዙልፋ የሠራችው ፕሮግራም ማንኛውንም ቀን ኮምፒውተር ወደሚያውቀው የሰከንድ ቁጥር ይመነዝራል። መርሳ ከተማ ላይ ለነዋሪዎች ምዝገባ ስትቀመጥ የሚያቅተኝ ቀን የለም ብላ ነበር። እኒህ ሽማግሌ እስኪመጡ ድረስ።

ሽርጣቸው ተተኩሷል፤ ኮታቸው ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ተሰክቷል፤ መጻፍ ግን አያውቁም።

«አባቴ፣ መቼ ተወለዱ?»

«እናቴ ማሽላ ላይ ወፍ ስታባርር።»

«ዓመቱስ?»

«አንበጣ የመጣ ጊዜ ነዋ!»

«የትኛው አንበጣ?»

«ማሽላውን የበላው!» አሉ፤ የልጅቷ አለማወቅ አሳዘናቸው።

ዙልፋ ያሉትን ሁሉ ብትጽፍም ማሽኑ በቀይ «ቀኑ አልታወቀም» ይላታል። ቢቸግራት ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

«የጋብቻ ቀንስ?»

ሽማግሌው ኮታቸውን አስተካከሉ። «ጥር 15 ቀን 1972፣ ሐሙስ፣ ልክ ከአሱር ሶላት በኋላ።»

ማሽኑ ሳያቅማማ ዋጠው። ዙልፋ ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። «ማሻአላህ! የባለቤትዎስ ስም?»

«የሙሽራዋ? ሀጂራ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ እስክሪብቶዎቹን እየነካኩ። «ለጎረቤቴ ነው የዳሯት። እኔማ አላገባሁም፣ ልጄ።»