ግማሽ ጋቢ

በአጎቴ አርባ ዕለት የሸማ ተራ ሱቃቸውን የከፈትነው ባለቤታቸው፣ እኔና ልጄ ነን። ከቀብሩ ወዲህ ተቆልፎ ነበር።

አጎቴ የኮሌጅ ጀማሪዎች በሚድ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት አምጥተው ሲያለቅሱ ካዩ፣ በርጩማቸውን ይለቁላቸውና «በግማሽ ጋቢ ሸማኔ አይሰደብም፤ ሂዱ፣ ለቀጣዩ ኮርስ ተመዝገቡ» ይሉ ነበር። ልጄም ትምህርቷን ያላቋረጠችው በዚህ ቃላቸው ነው።

እያጸዳን ሳለ አንዲት የማናውቃት ተማሪ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ የሉም? ትናንት እዚህ አስቀምጠው ስለ ግማሽ ጋቢ ነገሩኝ። ልመዘገብ ነው፤ ዛሬ ያበቃል።»

«ትናንት?» አለች ልጄ፤ «አንቺ፣ ዛሬ እኮ አርባቸው ነው!»

ልጅቷ በርጩማውን አይታ ወደ ሲኒማ ራስ ሮጠች። ሱቁ በሙሉ አቧራ ለብሷል፤ በርጩማው ግን ንጹሕ ነበር።

ደንግጣ ምዝገባውን እንዳትተወው ሰጋሁ። የሚያውቃት ካለ፣ ተመዝግባ እንደሆነ እባካችሁ ንገሩን።