ከማላውቀው ሰው የመጣ ፓኬጅ

ይህ የገጠመኝ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ግን እስከ ዛሬ የስልክ መልእክት ድምፅ ስሰማ ልቤ ድንግጥ ይላል። ያጠፋውን ሰው አንድም ቀን አላየሁትም። የተጎዱትን ሽማግሌ ግን ዓይናቸው ሥር ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ። ከልቤ ያልወጣልኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ተወልጄ ያደግኩት ጎባ ነው። ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ ሮቤ ውስጥ አንድ የጫካ ቡና ሰብሳቢዎች ማኅበር ቀጠረኝ። አባላቱ ሃረና ጫካ ውስጥና ደሎ መና ዙሪያ ተበትነው የሚኖሩ ናቸው። መኪና የሚመጣበትን ቀን ለመንገር ሰው በእግር ይላክ ነበር። እኔ አንድ ፕሮግራም ሠራሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲም ካርድ ያለበት ሞደም ይሰካል፤ አንድ ጊዜ ስንጽፍ መልእክቱ በኦሮምኛ ለሁሉም አባላት ስልክ ይደርሳል። በዚያ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር ከቢሮው የሽቦ መስመር በቀር የቀረን ይኸው የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ሰው ቁጥሩን ለመስጠት ፈርቶ ነበር። አደባባይ ቆመው "ኑ፣ አስመዝግቡ፣ ይህ ልጅ የሚሠራው ለእኛ ነው" ያሉልኝ ኦቦ ቃሲም ናቸው። የሃረና ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ማር ቆራጭም ቡና ለቃሚም። እሳቸው ስለሰጡ ሌላውም ሰጠ።

አንድ የመና ገበያ ቀን ምሳ ልበላ ወጥቼ ሳለ የማኅበሩ ወኪል ከድር ከመና ደወለ። "ምንድን ነው የላክኸው?" አለኝ። ምንም አልላክሁም አልኩት። ለአባላቱ በሙሉ አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየደረሳቸው እንደሆነ፣ እንዲያውም አሁንም አሁንም እየተደጋገመ እንደሆነ ነገረኝ። ሮጬ ቢሮ ስገባ ሞደሙ ላይ ያለችው መብራት ያለ ማቋረጥ ብልጭ ድርግም ትላለች። ነቀልኩት።

መልእክቱን አነበብኩት። "ዕቃዎ ደርሷል፣ ለመረከብ ይህን ይጫኑ" የሚል ተራ የሌቦች ወጥመድ ነው። ዕቃ የሚጠብቅ ሰው በሌለበት፣ ቢጫኑትም ኢንተርኔት በማይከፈትበት አገር የተላከ። ሊያስቀኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ከድር እንደገና ደወለ።

ኦቦ ቃሲም ተይዘው ነበር። ጽሑፉ ሲደርሳቸው የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ ስልካቸውን ይዘው በገበያው መሀል ይዞራሉ። ያገኙት ሰው ሁሉ "ለእኔም ደርሶኛል" ይላቸዋል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ መንገድ ዝጉ የሚል ጥሪ ነው አለ፤ ሌላው ሌላ አለ። መሰብሰብ የተከለከለበት ጊዜ ነው። ፓትሮል ደርሶ ሰውን ማን እንደሰበሰበው ሲጠይቅ፣ ኦቦ ቃሲም እውነቱን ተናገሩ፤ "እኔ ነኝ፣ ሊያነቡልኝ" አሉ።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ምክንያቱን አገኘሁት። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ከባዶ አይጀምርም። ሌሎች ጽፈው ለዓለም በነጻ ያስቀመጡትን ሥራ ከኢንተርኔት አውርዶ ከራሱ ጋር ይገጣጥማል። ይህን ፓኬጅ እንለዋለን። አንዱ ፓኬጅ ሌላውን ይጠራል፣ ያም ሌላውን። እኔ ከወሰድኳቸው መሀል የአንዱን ትንሽ ፓኬጅ ባለቤት ሥራው ሰልችቶታል። አንድ የማይታወቅ ሰው "ልርዳህ" ብሎ ሲጽፍለት አምኖ ቁልፉን፣ ማለትም ፓኬጁን የመለወጥ ሥልጣኑን፣ አስረከበው። ተረካቢው ውስጡ የስርቆሽ በር ሠራበት። ከዚያ በኋላ የጫኑት ሁሉ ኮምፒውተር ለእሱ ክፍት ሆነ። እኛ ቤት ሲገባ ሞደምና የሰው ስልክ ቁጥር አገኘ።

ፓኬጁ በሚገኝበት ገጽ ላይ ከየአገሩ የመጣ እርግማን ይዘንባል። ከሥሩ የድሮው ባለቤት በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጽፏል። ደክሞት እንደነበር፣ ማንንም ለመጉዳት እንዳላሰበ።

የማኅበሩን ሰብሳቢ ላማክራቸው ብሄድ ወደ መና እንዳልሄድ መከሩኝ። ማሽን ተበላሸ ብዬ ዝም እንድል፣ ሽማግሌው በራሳቸው ጊዜ እንደሚለቀቁ ነገሩኝ። በነጋታው ማስረጃውን የገለበጥኩበትን ላፕቶፔን ይዤ ከጎባ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሳነቴ አምባ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ኬላ በደረስን ቁጥር ወርደን ተፈተሽን።

የመና ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የኦቦ ቃሲም ልጅ ራዚያ ምግብ በጨርቅ ቋጥራ ተቀምጣለች። "አሰላሙ አለይኩም" አልኳት። በኦሮምኛ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ በአገጯ ጣቢያውን እያመለከተች፣ "ስልካችንን ለእነሱ ልትሰጥ ነው የሰበሰብከው" አለች። ልመልስላት ስል ፖሊሱ ጠራኝ።

የጣቢያው ኃላፊ ቁጭ በል እንኳ አላለኝም። ላፕቶፑን ከፍቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ፓኬጅ ስለው የግብርና ፓኬጅ መስሎት የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳሁት። እስክጨርስ ሰማኝ።

"መልእክቱ ከማን ማሽን ወጣ?" አለ።

"ከእኔ።"

"የላከውስ ማን ነው?"

"አላውቀውም።"

"ስሙን የማታውቀው ሰው ቤትህ ገብቶ፣ ቁልፍ ይዞ፣ የፈለገውን ሠርቶ ሄደ። አንተ ደግሞ አላውቀውም ትለኛለህ።"

"ቁልፉን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም" አልኩት። "የሰጠው ሌላ ሰው ነው። እሱንም አላውቀውም።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ለሚሰማው ሰው ምን እንደሚመስል ገባኝ። ኃላፊው ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ ራሱ ሳበው። "ማን ልኮህ ነው?" አለ። ከዚያ በኋላ ከዚህች ጥያቄ ሌላ አልጠየቀኝም፤ ደጋግሞ እሷኑ ብቻ። ወደ ማታ እኔንም አስገቡኝ።

ክፍሉ ውስጥ ኦቦ ቃሲም ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ጫማቸው የለም፤ አንድ እግራቸው አብጧል። ምን እንደነካው ብጠይቃቸው እግራቸውን ወደ ውስጥ ሳቡት። አጠገባቸው ተቀምጬ ነገሩን በኦሮምኛ፣ እሳቸው በሚገባቸው መንገድ አስረዳኋቸው። "ሰውየው ያውቀኛል?" አሉኝ።

"አያውቅዎትም።"

"ታዲያ ምን አደረግሁት?"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ከሮቤ ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ተጠርቶ መጣና ላፕቶፑን አየ። ከኃላፊው ጋር በር ዘግተው ረጅም ሰዓት ተነጋገሩ። በማግስቱ ለኦቦ ቃሲም የመና ሽማግሌዎች ዋስ ሆኑ፤ ለእኔ ከድር ፈረመልኝ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀንም። ላፕቶፑም አልተመለሰልኝም።

በር ላይ ራዚያ አባቷን ደግፋ ስታወጣ ቀርቤ ልረዳት ሞከርኩ። ኦቦ ቃሲም በእጃቸው አገዱኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"ልጄ፣ ቁጥሬን ከማሽንህ አውጣልኝ" አሉ።

እሳቸው ከዝርዝሩ ሲወጡ፣ በእሳቸው አምነው ቁጥር የሰጡት ሁሉ ወጡ። ገበያ ላይ ሰው ከእኔ ጋር ሲያወራ ስልኩን ኪሱ ይከትታል። ጎባ ሰፈሬ ውስጥ ደግሞ ስለታሰርኩ ብቻ ሌላ ወሬ ተወራብኝ። እዚያ የመንግሥት ጆሮ፣ እዚህ የአመፅ መሪ ተባልኩ። ፕሮግራሙ ቆመ፤ ማኅበሩም የመኪናውን ቀን ለመንገር እንደ ጥንቱ ሰው በእግር መላክ ጀመረ።

ዛሬም ሥራዬ ይኸው ነው። ዛሬም የማላውቃቸው ሰዎች የጻፉትን ፓኬጅ እጭናለሁ፤ ያለዚያ መሥራት አይቻልም። የምችለውን ያህል ውስጡን ከፍቼ አያለሁ፤ ሁሉን ማየት ግን ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው። ያንን በር የሠራውን ሰው ይቅር አላልኩትም። የት እንዳለ አላውቅም፤ ምናልባት የመና ገበያ የሚባል ነገር መኖሩንም ሳያውቅ ይሞታል። ይህ ነው አብልጦ የሚያናድደኝ።

ቁልፉን አሳልፎ የሰጠው ሰው የጻፈው ይቅርታ አሁንም እዚያው ገጽ ላይ አለ። አንዳንዴ ከፍቼ አነበዋለሁ። በደንብ የተጻፈ ነው፤ ከልቡም ይመስለኛል። ለኦቦ ቃሲም ተርጉሜ ላነብላቸው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። አላነበብኩላቸውም።