ቃሬዛ በባቡር ጣቢያው አጥር ውስጥ

«እናትሽ ስትሞት ባቡሩ ይሸከምልሽ!» አሉኝ የቅሬያችን፣ የቀብር እድራችን፣ ዳኛ፣ አጥሩን በዱላቸው እየመቱ።

ከኋላቸው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ቃሬዛ ይዞ ቆሟል። ቃሬዛው ላይ ያሉት ጎረቤታችን፣ አሮጊቷ ናቸው። ጧት ሞቱ፣ ቀትር ላይ በዙሁር ሶላት ተሰገደባቸው፣ ቶሎ መቀበር አለባቸው። መቃብሩ ደግሞ ከኮምቦልቻ ባቡር ጣቢያ ማዶ ነው። እኔ የጣቢያው ጥበቃ ነኝ።

ልጅ ሆኜ እዚህ ቦታ ማሽላ ነበር። የሟቿም ማሳ እዚሁ ነበር፣ አሁን ተሳፋሪ ይቆምበታል በተባለው ሲሚንቶ ሥር። የጣቢያው ጣሪያ ሲወጣ አስተማሪያችን አሰልፎ ወስዶ አሳየን። አስራ ሁለተኛን ስጨርስ በባቡር እንደምሄድ አልተጠራጠርኩም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መስታወቱ ረገፈ፣ የመብራት ሽቦው እየተቆረጠ ተወሰደ። ጣቢያው ተሳፋሪ ሳያይ አረጀ። ሰፈራችንም ፍየሉንም ሬሳውንም በሃዲዱ ላይ ሲያሻግር ኖረ። ዘንድሮ እድሳት ተጀመረ፦ አዲስ መስታወት፣ ካሜራ፣ ዙሪያውን የሽቦ አጥር፣ በወዲህና በወዲያ የብረት በር። እኔም ተቀጠርኩ።

ደሴ ላለው አለቃዬ ደወልኩ።

«በድልድዩ ይዙሩ» አለኝ።

«በድልድዩ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። በዚህ ፀሐይ?»

«እዚህ ብርድ ነው። እንዳትከፍቺ!» ዘጋው።

እናቴ ከአልጋ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው። ቅሬ ያስወጣው ቤት ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። ዳኛው ይሄን ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ከፈትኩ።

«አላህ ያክብርሽ» እያሉ ገቡ። ሃዲዱን ተሻገርን። ማዶ በር ስንደርስ ቁልፌ እምቢ አለ። ገለበጥኩት፣ ነቀነቅኩት፤ ወይ ፍንክች። በዚያ በር የሚገቡት አጥር ሠሪዎቹ ብቻ ናቸው፤ እኔ አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም።

«ክፈቺዋ እንጂ፣ ልጄ» አሉ ዳኛው።

«ቁልፉ ሌላ ነው፣ አባባ። ይመለሱና በድልድዩ...»

«የተነሳ ጀናዛ ወደ ኋላ ሲመለስ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አስራ ሁለተኛ ጨርሳ ቁልፍ መለየት አቃታት!» አለ አንዱ ጎረምሳ። ተሸካሚዎቹ ትከሻ ይቀያየራሉ፣ ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ሁሉም እኔን ያያሉ።

ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጥኩ። ትልቁን የሽቦ መቁረጫ ይዤ ተመለስኩና አዲሱን አጥር ከላይ እስከ ታች ቆረጥኩት።

«ሳቡት! ምን ታዩኛላችሁ?»

ወንዶቹ ሽቦውን ግራና ቀኝ ያዙት። «ዝቅ፣ ዝቅ አድርጉ! ቢስሚላህ!» ቃሬዛው አለፈ።

ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ በካሜራው አይቷል።

«ማነው አጥሩን የቆረጠው?»

«እኔ።»

«አንቺ? ጠባቂዋ?»

«አዎ፣ ጠባቂዋ።»

«ንቅንቅ እንዳትዪ፣ መጣሁ!»

የጥበቃ ሰደርያዬን አውልቄ ወንበሬ ላይ ጣልኩት። ቁልፉን ከላዩ አስቀመጥኩ። በዋናው በር ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ፣ ገባሁና ወደ እናቴ ሄድኩ።