ግቢዬ ውስጥ የተተከለው ሽንኩርት

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ክረምት እዚሁ አዳማ ነው። እስካሁን ሽንኩርት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ቤታችን ተራራው ግርጌ ነው። አዳማን የሚያውቅ ጎርፏንም ያውቃል። ከእኛ በታች፣ በቆርቆሮ አጥር የምንዋሰናቸው እማማ ዘሃራ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው ውለው የሚያድሩት አልጋቸው ላይ ነው። ድሮ በእኛ ግቢ የሚያልፈው ጎርፍ ሁሉ እሳቸው ክፍል ይገባ ነበር።

ነገሩ አላስቀምጥ ሲለኝ ግቢያችን መሃል ሰፋ ያለ ረባዳ ቆፈርኩ። የጣሪያውና የመንገዱ ውሃ እዚያ እንዲገባ አድርጌ ውስጡን ቄጠማና ጠጅ ሳር ተከልኩበት። ዙሪያውን ሰርዶውን እንደበቀለ ተውኩት። ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ከዚያ ወዲህ እማማ ዘሃራ ቤት ጠብታ አልገባም። "ልጄ፣ አሁንማ ዝናብ ሲመጣ ተኝቼ አድራለሁ" ይሉኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ እህቴ ታማብኝ ባቱ ሄድኩ። በዚያው ሰሞን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ቶሎሳ ከዓለም ጤና ከተማ ሊጠይቁን መጡ። በመስኖ ሽንኩርት ሲያለሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳሬ አረም፣ ረባዳዬ የወባ ትንኝ መራቢያ መሰላቸው። ደውሎ መጠየቅ የሚባል ነገር የለም፤ በሰው ግቢ ፈላጭ ቆራጭ ሆኑ። ሳሩን ነቃቅለው፣ ረባዳውን ደፍነው፣ ሽንኩርት ተከሉበት።

ስመለስ በር ላይ እየሳቁ ጠበቁኝ። "አየሽው? አሁን ግቢ መሰለ። ከእንግዲህ ሽንኩርት አትገዢም" አሉኝ።

እኔ ያየሁት ቦዮቹን ነው። እርሻቸው ላይ እንደለመዱት፣ ከበራችን እስከ እማማ ዘሃራ አጥር ቀጥ አድርገው ቦይ አውጥተዋል።

"ጋሽ ቶሎሳ፣ ይሄ እኮ ጎርፉን እማማ ቤት ነው የሚያስገባው። ዛሬውኑ እንድፈነው" አልኳቸው።

"ሽንኩርት ውሃ አይጠጣም እንዴ? ተይ ባክሽ" አሉኝ።

ዶማ ሳነሳ ባለቤቴ ደረጀ ከእጄ ቀማኝ። "ታላቄ ነው፣ ፊቱ አታዋርጂኝ። ሲሄድ እናስተካክለዋለን" አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ በበራችን ገብቶ፣ በቦዮቹ ተምዘግዝጎ፣ በአጥሩ ስር አልፎ እማማ ዘሃራ ክፍል ገባ። ሮጬ ስደርስ ውሃው ፍራሻቸውን አርሶታል፤ እሳቸው የአልጋውን ራስጌ ሙጭጭ አድርገው ይዘው "ያ አላህ!" ይላሉ። አዝዬ አወጣኋቸው። ብርዱ ደረታቸውን መታቸውና ሐኪም ቤት ተኙ። ሲሻላቸው ልጃቸው መጥታ አቦምሳ ወሰደቻቸው።

ያን ቀን በጋሽ ቶሎሳ ላይ ሰፈር እስኪሰማ ጮህኩባቸው። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። እሳቸውም አኩርፈው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ተላከብኝ። ታላቅ አዋርደሻል፣ ለበጎ ብለው ነው፣ ይቅርታ ጠይቂ ተባልኩ።

"እማማ ዘሃራንስ ማን ይቅርታ ጠየቀ?" አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። "እማማ ዘሃራ ደግሞ ማን ናቸው?" አሉኝ አንደኛው።

ረባዳውን መልሼ ቆፍሬ ሳሬን ተክያለሁ። የእማማ ቤት ግን እንደተዘጋ ነው። ደረጀ ዛሬም "በቃሽ፣ ታረቂ" ይለኛል። አልታረቅም። ጋሽ ቶሎሳ መጀመሪያ አቦምሳ ሄደው እማማ ዘሃራን ይቅርታ ይጠይቁ፤ ያኔ እኔም እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።